ሦስት ቺንጊያ፣ አንድ ሞተር፦ የመለዋወጫ ቺንጊያን ጥራት ስለመለየት የተደረገ የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አንድ የሜትር ታክሲ ባለንብረት በ18,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ሦስት የሞተር ቺንጊያ ቀየረ። አራተኛውን ከመግዛቱ በፊት መኪናውን ለምርመራ አመጣ። ቺንጊያ ቶሎ ቶሎ መቀየር አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ ስለሆነ ይህ ብቻውን ለመጻፍ አያበቃም። ጉዳዩን ጠቃሚ ያደረገው ባለንብረቱ የወለቁትን ቺንጊያዎች ሳይጥል ማስቀመጡ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከነካርቶናቸው በዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበሩ፤ ሦስተኛው ገና ሞተሩ ላይ ነበር።

ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መለካትና ቆርጦ ማየት ስለተቻለ የእያንዳንዱ ምክንያት ለየብቻ ታወቀ። የመጀመሪያው ቺንጊያ በእርግጥ የማይረባ ነበር። ሁለተኛው ምርጥ ቺንጊያ ሆኖ ሳለ ከሌላ ቦታ የመጣ ጉዳት አበላሽቶታል። ሦስተኛው በጥራቱ ደህና ነበር፤ መጠኑ ግን ለዚህ ሞተር አይሆንም። ባለንብረቱ ሦስቱንም "ፎርጅድ ናቸው" ብሎ ደምድሞ ነበር የመጣው።

## የመኪናው ሁኔታ

መኪናው ባለ 4 ሲሊንደር ቶዮታ አውቶሞቢል ሲሆን ከገልፍ አገር ያገለገለ ሆኖ የገባ ነው። ታይሚንጉ በሰንሰለት ስለሚሠራ እዚህ የምንነጋገረው ከሞተሩ ፊት ስላለው አንድ ረጅም ቺንጊያ ብቻ ነው። ይህ ቺንጊያ ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ፣ ማለትም ቺንጊያው ከሚጠመጠምበት ባለ ቦይ ክብ ብረት፣ ተነስቶ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪ ፓምፑንና የኤሲ ኮምፕሬሰሩን ያዞራል። ውጥረቱን የሚጠብቀው አውቶማቲክ ቴንሽነር ነው።

የሚያስፈልገው መጠን 6ፒኬ1885 ነው። 6 ማለት በቺንጊያው ሆድ በኩል በቁመቱ የሚሄዱት መስመሮች ብዛት ነው። ፒኬ የመስመሩን ቅርጽ ይናገራል፤ በዓለም አቀፉ የአይሶ 9981 ደረጃ መሠረት ከአንዱ መስመር መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል 3.56 ሚሊ ሜትር ነው። 1885 በሚሊ ሜትር የተለካ የሥራ ርዝመት ነው። የአሜሪካ አምራቾች ይህንኑ ቺንጊያ በ060742 በሚያልቅ ቁጥር ይጽፉታል፦ 06 መስመር፣ 74.2 ኢንች። 74.2 በ25.4 ሲባዛ 1885 ያህል ይመጣል። ባለሱቁ "ቁጥሩ ሌላ ነው፣ ግን ይሆናል" ሲል ይህን ስሌት በስልክ ካልኩሌተር ወዲያው ማጣራት ይቻላል።

እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ቺንጊያ ሲበጠስ ባትሪ መሙላት ይቆማል፣ መሪው ይከብዳል። ከሁሉ የከፋው ግን የውሃ ፓምፑ መቆሙ ነው። ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ ሹፌሩ ወዲያው ካላጠፋው ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም (ሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይሄዳል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ያሉትን ሞተሮች አቆይቶ መጠቀም ግድ ሆኗል። ለቺንጊያ የሚወጣ ጥቂት ብር አንድ ሞተር ያድናል ወይም ያጠፋል።

## ችግሩ እንዴት ተከታተለ

መኪናው ከውጭ ይዞት የመጣው ቺንጊያ 120,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ለጥንቃቄ ተብሎ ወለቀ። በቦታው የገባው የመጀመሪያው መለዋወጫ በታዋቂ የጃፓን አምራች ስም የታተመ ካርቶን ነበረው። የተገዛው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ያለ ደረሰኝ ነው። ዋጋው የዚያው ስም ቺንጊያ በሌላ ቦታ ከሚሸጥበት ሲሶ ያህል ነበር። 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ መጮህ ጀመረ። በመጀመሪያ ሳሙና ተቀባ፤ ቀጥሎ የቺንጊያ ስፕሬይ ተነፋበት። 9,000 አካባቢ ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠርዙ ተተርትሮ በመጨረሻ ተበጠሰ። የባትሪው መብራት በራ፣ የሙቀቱ መርፌ መውጣት ጀመረ፤ ባለንብረቱ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ሞተሩን ያተረፈው ይህ ፈጣን ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው ቺንጊያ ከአስመጪ ወኪል በደረሰኝ፣ በሙሉ ዋጋ ተገዛ። 6,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ወደ ሞተሩ ያሉት መስመሮች አብጠው ለስልሰው ተገኙ፤ ከአንዱ መስመር ላይም ቁራጭ ወልቋል። "ኦሪጅናሉም ፎርጅድ ሆኗል" የሚለው ድምዳሜ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛውን የገጠመ ጋራዥ ጩኸቱ የመላላት መስሎት "አጠር ያለ ይግባበት" አለ። በ6ፒኬ1885 ፋንታ 6ፒኬ1860 ገባ፤ 25 ሚሊ ሜትር የሚያጥር ማለት ነው። ጩኸቱ ጠፋ። 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ግን ከዲናሞው ጉርምርምታ መሰማት ጀመረ።

## ምርመራው

ሥራው የተጀመረው ከልኬት ነው። በካሊፐር (ጥቃቅን ርቀት በሚለካ መሣሪያ) ከመጀመሪያው መስመር ጫፍ እስከ ስድስተኛው መስመር ጫፍ ያለው ርቀት 5 ጊዜ 3.56፣ ማለትም 17.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቺንጊያ ዙሪያቸውን በብዙ ቦታ ሲለኩ 17.8 አካባቢ ሰጡ። የመጀመሪያው ግን አንድ ቦታ 17.2፣ ሌላ ቦታ 17.6 ሆነ። እንዲህ ያለ ቺንጊያ ፑሌጃው ቦይ ውስጥ እኩል አይቀመጥም። አንዳንዱ መስመር ሙሉ ጭነት ይይዛል፣ ሌላው ቦዩን ነክቶ ያልፋል። የሚያፏጨውም የሚሞቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የጠቅላላ ስፋቱም ነገር ተመሳሳይ ነው፤ የ6 መስመር ቺንጊያ 21.4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን ሲገባው ይህኛው 20.6 ነበር።

ቀጥሎ ሦስቱም ቺንጊያዎች በስለታም ቢላ ተቆርጠው የተቆረጠው ፊት በስልክ ካሜራ ተጎልቶ ታየ። ጥሩ ቺንጊያ ውስጥ የውጥረት ክሮቹ ከመስመሮቹ ሥር በላይ በአንድ ረድፍ፣ በእኩል ርቀት ተሰልፈው ይታያሉ። የመጀመሪያው ቺንጊያ ክሮች ግን ረድፋቸው ይወዛወዛል፤ በአንዱ ዳር ወደ ቦዩ ወለል ተጠግተዋል። ክሮቹ ሲፈቱ ደግሞ ሁሉም የተጠመዘዙት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ጥሩ አምራች አንዱን ክር ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ የተጠመዘዘ እያደረገ ይደረድራል፤ ሁለቱ ሲወጠሩ የመዞር ዝንባሌያቸው ይጠፋፋል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተጠመዘዙ ከሆነ ቺንጊያው እየሄደ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ ጠርዙም ከፑሌጃው ከንፈር ጋር ይፋጫል። የመጀመሪያው ቺንጊያ የተተረተረው በዚሁ ጎን ነበር። ፑሌጃዎቹ ተጣመው ነው እንዳይባል፣ በእነዚያው ፑሌጃዎች ላይ የሄዱት ሁለተኛውና ሦስተኛው ቺንጊያ ጠርዛቸው ንጹሕ ነው።

ከዚያ ከተቆረጠው ጫፍ አንድ ክር በፒንሳ ተያዘና ተሳበ። ከሁለተኛው ቺንጊያ ክሩ ሊወጣ አልፈለገም፤ ሲወጣም ጎማ ተቀድዶ አብሮት መጣ። ከመጀመሪያው ላይ ክሩ እንደ ጫማ ማሰሪያ ንጹሕ ሆኖ ተመዘዘ። ይህ ማለት ክሩ ከጎማው ጋር ጨርሶ አልተጣበቀም። ከምንም ፈተና በላይ የምናምነው ይህን ነው፤ ክርን ከጎማ ማጣበቅ ከቺንጊያ ሥራ ሁሉ አስቸጋሪውና ወጪ የሚጠይቀው ክፍል ስለሆነ ርካሹ አምራች መጀመሪያ የሚዘለው እሱን ነው። ችግሩ ቺንጊያውን መቁረጥ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከወለቀ በኋላ የሚደረግ ፈተና ነው።

የጎማው ዓይነትም መታወቅ ነበረበት። የዱሮ ቺንጊያዎች ኒዮፕሪን በሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ይሠሩ ነበር፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ በኋላ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ጥሩ አምራቾች ኢፒዲኤም ወደሚባል ሌላ ሰው ሠራሽ ጎማ ዞረዋል። ኒዮፕሪን ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ቁራጭ ይጥላል። ኢፒዲኤም ሙቀትን በተሻለ ይችላል፤ ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ አይሰነጠቅም፣ እንደ ጎማ ሶል ቀስ በቀስ ይበላል። ሁለቱን ለመለየት ከቁራጩ ላይ የመዳብ ሽቦ ሙከራ ተደረገ። ንጹሕ የመዳብ ሽቦ ቀለሙ እስኪለወጥ በነበልባል ይሞቃል፣ ትኩሱ ሽቦ ጎማውን ይነካል፣ ተመልሶ ነበልባል ውስጥ ይገባል። ኒዮፕሪን ክሎሪን ስላለው ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል። ሙከራው ውጭ፣ ንፋስ ባለበት ቦታ፣ በትንሽ ቁራጭ ብቻ ይደረግ፤ ጭሱ መርዛማ ነው።

የመጀመሪያው ቺንጊያ አረንጓዴ አላሳየም፤ ስለዚህ ኒዮፕሪን አይደለም። መስመሮቹ ላይ ግን በ9,000 ኪሎ ሜትር ብቻ አግድም ስንጥቆች ሞልተውበታል፤ ኢፒዲኤም በዚህ ዕድሜ እንዲህ አይሰነጠቅም። የቀረው ሙቀትንና ኦዞንን (አየር ውስጥ ያለ፣ ጎማን የሚሰነጥቅ ጋዝ) የማይችል ተራ ጎማ ነው። መስመሮቹም እንደ መስታወት ያብረቀርቁ ነበር፤ ጎማው በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ ብቻ የወጣ፣ አጫጭር ቃጫ የሌለበት ነው። ብዙ ጥሩ ቺንጊያዎች መስመራቸው ተሞርዶ ስለሚወጣ ፊቱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ቀረብ ብለው ሲያዩትም ጥቃቅን ቃጫዎች ይታያሉ። እነዚያ ቃጫዎች ጩኸትን ይቀንሳሉ።

ሁለተኛው ቺንጊያ በእነዚህ ፈተናዎች ሁሉ አለፈ። ታዲያ ለምን አበጠ? ያበጡት ወደ ሞተሩ ያሉት ሁለት መስመሮች ብቻ ነበሩ፤ የሞተር ዘይትም ይሸታሉ። ኢፒዲኤም ሙቀትን የመቻሉን ያህል ከማዕድን ዘይት ጋር አይስማማም፤ ዘይት ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። እዚህ ላይ ኒዮፕሪኑ ይሻል ነበር። የዘይቱን ምንጭ ለማግኘት የክራንክ ሻፍቱ ፑሌጃ ወለቀ። ከፑሌጃው ጀርባ፣ በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው ማሸጊያ) ከንፈር ዙሪያ፣ ጥቁር ክር ተጠምጥሞ ተገኘ። ክሩ የመጀመሪያው ቺንጊያ ክር ነው። ያ ቺንጊያ ሲተረተር የተንጠለጠለው ክር ከፑሌጃው ጀርባ ገብቶ ተጠምጥሞ የሲሉን ከንፈር ቆርጦታል። ዘይቱ ቀስ እያለ እየወጣ በፑሌጃው ዙረት ወደ ቺንጊያው ተረጨ። የተበጠሰው ቺንጊያ ሲቀየር ከፑሌጃው ጀርባ ማንም አላየም። መጥፎው ቺንጊያ ከሞተ በኋላ ጥሩውን ገደለው ማለት ነው።

ሦስተኛው በልኬትም በጎማም በክርም ደህና ነው፤ ካርቶኑም ታዋቂ ስም የለውም። በሐቀኝነት የራሱን ስም የጻፈ አምራች ቺንጊያ ነው። የቴንሽነሩ ጠቋሚ ግን ከተፈቀደለት ምልክት ውጭ ወጥቶ ክንዱ ከመቆሚያው ጋር ተጋጭቶ ነበር። ክንዱ መቆሚያውን ከነካ በኋላ ቴንሽነሩ ስፕሪንግ መሆኑ ያበቃል፤ ሞተሩ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ የሚፈጠረው ውጥረት ሁሉ በቀጥታ ወደ ኩሽኔታዎቹ (ዘንጎቹ ወደሚሽከረከሩባቸው ተሸካሚዎች) ይሄዳል። መጀመሪያ የተጎዳው የዲናሞው ኩሽኔታ ነው። የውሃ ፓምፑ ለጊዜው ተርፏል።

## ጥገናው

የፊት ኦይል ሲሉ ተቀየረ፤ ሲሉ የሚቀመጥበት ዘንግ በጥፍር ተዳሶ ጭረት እንደሌለው ታየ። የፑሌጃዎቹ ቦዮች በብሬክ ማጽጃና በጥርስ ብሩሽ ታጠቡ፤ የሳሙናውና የስፕሬዩ ዝቃጭ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ቦዮቹን ሞልቷቸው ነበር። ይህን ሳያጸዱ አዲስ ቺንጊያ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ቺንጊያ በሌለበት እያንዳንዱ ፑሌጃ በእጅ ተሽከረከረ፣ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ተነቀነቀ። ቴንሽነሩ ክንዱ በቁልፍ ሲዞር ሳይዝና ሳይንቀጠቀጥ ስለሄደ አልተቀየረም። ዲናሞው ሁለቱንም ኩሽኔታ እንዲቀየርለት ወደ ኤሌክትሪሺያን ሄደ።

አራተኛው ቺንጊያ የተመረጠው በሻንሲ ቁጥር ከተረጋገጠ መጠን ነው። ከገልፍና ከጃፓን የሚመጡ መኪናዎች ሞተራቸው አንድ ሆኖ ኮምፕሬሰራቸው ወይም ዲናሞአቸው ሊለያይ ይችላል፤ የቺንጊያው ርዝመትም አብሮ ይለያያል። ስለዚህ "የዚህ ሞዴል ቺንጊያ" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ሱቅ ላይ ባለሱቁ የአንድ አምራች ቺንጊያ በሦስት የተለያየ መጠን እንዲያወጣ ተጠየቀ። በአንደኛው ሱቅ ሦስት የተለያየ መጠን ያላቸው ቺንጊያዎች አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረቱትን የሚለይ ቁጥር) ታትሞባቸዋል፤ የተሠሩበት ቀን ደግሞ የለም። የምርት ቁጥር ከመጠን መጠን፣ ከጊዜ ጊዜ መለያየት አለበት። ያ ሱቅ ታለፈ። በሌላው ሱቅ ቁጥሮቹ ይለያያሉ፣ ቀኑም አለ፣ የካሊፐሩ ልኬትም 17.8 ሰጠ። ደረሰኝ ተቆርጦ ተገዛ።

ሁሉም ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሳ አዲሱ ቺንጊያ ጭውጭው ማለት ጀመረ። ይህ ጊዜ ወሳኝ ነበር፤ ባለንብረቱ "ይኸው አራተኛውም!" ሊል ነው። በሞተሩ ዝቅተኛ ዙር በቺንጊያው ሆድ በኩል ንጹሕ ውሃ በመርጫ ተረጨ። ድምፁ ወዲያው ጠፋና ውሃው ሲደርቅ ተመለሰ። ውሃ ሲረጭ ድምፁ የሚብስ ከሆነ መንሸራተት፣ ማለትም የውጥረት ችግር ነው፤ ለአፍታ ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በዲናሞው ፑሌጃና በአጠገቡ ባለው ፑሌጃ ፊት ላይ ሲጋደም በ150 ሚሊ ሜትር ርቀት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ታየ። ወደ ዲግሪ ሲለወጥ 0.76 አካባቢ ነው፤ ለጩኸት ይበቃል። ምክንያቱ ኩሽኔታው ሲቀየር ከዲናሞው ፑሌጃ ጀርባ ያለችው ቀለበት ሳትመለስ መቅረቷ ነው። ቀለበቷ ተመለሰች፣ ድምፁ ጠፋ።

ክትትሉ እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ቀጠለ። ስንጥቅ የለም፣ የሚጮህ ነገር የለም፣ የቴንሽነሩ ጠቋሚ በምልክቶቹ መካከል ነው። የመስመሮቹ ቦይ ጥልቀት በካሊፐር ሲለካ ከአዲሱ ጋር ያለው ልዩነት ከመለኪያው ስህተት አይበልጥም።

## የተሞከሩና ያልሠሩ ነገሮች

ሳሙናም ሆነ ስፕሬይ ድምፅን ለቀናት ደብቆ ምክንያቱን ያቆያል። በመጀመሪያው ቺንጊያ ላይ ጩኸቱ በ5,000 ኪሎ ሜትር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር፤ ያኔ ጠርዙ ቢታይ ኖሮ ሲሉም ዲናሞውም ይተርፉ ነበር።

ቺንጊያን ወደ ኋላ አጥፎ ስንጥቅ መፈለግ ለኒዮፕሪን ጥሩ ዘዴ ነበር። ለኢፒዲኤም ግን ያሳስታል። የተበላ ኢፒዲኤም ያለ አንዲት ስንጥቅ አዲስ መስሎ ይታያል። አምራቾች እንደሚሉት ከመስመሩ 5 በመቶ ያህል ሲጠፋ እንኳ መንሸራተት ሊጀምር ይችላል፤ መስመሩ ሲቀጥን ወደ ቦዩ ወለል ይወርዳል፣ በጎኖቹ መያዙም ይቀራል። ስለዚህ መለካት ያለበት የቦዩ ጥልቀት ነው።

ጽሑፉን በአልኮል ማሸትም ብዙ አይተማመኑበትም። የመጀመሪያው ቺንጊያ ጽሑፍ ሲታሽ ለቀቀ፤ ነገር ግን የጥሩ አምራች ጽሑፍም አንዳንዴ ይለቃል። ካርቶንና የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ምልክት ከቺንጊያው በቀለለ ወጪ ይቀዳል። ሽታ፣ ክብደት፣ በእጅ መሳብ ለልምድ ያላቸው ሰዎች ጥርጣሬ ይጭራሉ እንጂ ማስረጃ አይሆኑም።

## ለሌላ መኪና የሚሆን ትምህርት

ከሱቅ ሳይወጡ የሚደረገው ፈተና አጭር ነው። መጠኑ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ይመሳከር። ከአንደኛው እስከ መጨረሻው መስመር ጫፍ ያለው ርቀት በሦስት ቦታ ይለካ፤ ለ4 መስመር 10.7፣ ለ5 መስመር 14.2፣ ለ6 መስመር 17.8፣ ለ7 መስመር 21.4 ሚሊ ሜትር ነው። በጀርባው ላይ ጣት እያንሸራተቱ ወፍራም መጋጠሚያ ይፈለግ፤ ጉልህ ጉብታ ካለ በእያንዳንዱ ዙር ቴንሽነሩን ይመታዋል። ጠርዙ ላይ የወጣ ክር ያለበት አዲስ ቺንጊያ አይገዛ። የተለያየ መጠን ያላቸው ሌሎች ቺንጊያዎች የምርት ቁጥር ይነጻጸር። ርዝመቱን በሜትር ለመለካት ለፈለገ፣ በጀርባው በኩል የሚለካው ዙሪያ በካርቶኑ ከተጻፈው የሥራ ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መብለጡ የተለመደ ነው፤ ይህ ብቻውን ጉድለት አይደለም። ከወለቀው አሮጌ ቺንጊያ ጋር ማስተያየት ግን አያዋጣም፤ አሮጌው ራሱ የተሳሳተ መጠን ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ጉዳይ ላይ እንደሆነው።

የማይታወቅ ስም ሁሉ መጥፎ አይደለም። በራሱ ስም የሚሸጥ መካከለኛ ቺንጊያ በሌላ ሰው ስም ከሚሸጥ ቆንጆ ካርቶን ሁልጊዜ ይመረጣል፤ በራሱ ስም የሚሸጠው ቢያንስ ስሙን አስቀምጦ ይጠየቃል።

ቺንጊያ ተተርትሮ ወይም ተበጥሶ ከወለቀ፣ አዲሱ ከመግባቱ በፊት የክራንክ ፑሌጃውን ጀርባ ማየት ግዴታ ይሁን። መብራትና መስታወት ይበቃል፤ ክር ከታየ ፑሌጃው ይውለቅ። ይህን የሚያህል ትንሽ ሥራ ይህን የሚያህል ወጪ ሲያስቀር ሌላ ቦታ አላየንም። ዘይትም ሆነ የራዲያተር ውሃ የሚያንጠባጥብ ሞተር ላይ ውድ ቺንጊያ መግጠምም እንዲሁ ከንቱ ነው፤ ፍሳሹ ይቅደም።

ጩኸትን በአጭር ቺንጊያ ማስቆም የተከለከለ ይሁን። አውቶማቲክ ቴንሽነር ያለው ሞተር ላይ ቺንጊያ ላላ ከተባለ ጥያቄው የቴንሽነሩ ነው፤ ጠቋሚው የት እንዳለ ይታይ። ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም ኮምፕሬሰር ወልቆ በተመለሰ ቁጥር ማስመሪያው ይጋደም። በ300 ሚሊ ሜትር ርቀት 5 ሚሊ ሜትር መዛባት 1 ዲግሪ ነው፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ ጥንቃቄ ይጀመር።

የወለቀ ቺንጊያ ከነካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር ይቀመጥ፤ በካርቶኑ ላይ የገባበትና የወጣበት ኪሎ ሜትር ይጻፍበት። ሻጭን ለመጠየቅም ሆነ ምክንያቱን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ የለም። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ትርፍ ቺንጊያ ቢይዝ መልካም ነው፤ አቀማመጡ ግን ይታሰብበት። በቀጭን ምስማር አይሰቀል፣ በሽቦ አይታሰር፣ ወደ ውስጥ ተገልብጦ አይታጠፍ፤ ክሮቹ ይሰበራሉ። ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮትና ከብየዳ ማሽን ይራቅ፤ ፀሐዩና ከብየዳው የሚወጣው ኦዞን ጎማውን ይጎዱታል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ቺንጊያ፣ ወይም ከተሠራ ከ5 ዓመት በላይ የሆነው፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን አይገዛ።